አሥር ደቂቃ

ሐምሌ ሲገባ በላ ማንቻ ሜዳ፣
መሬቱ ይከፍላል የብርዱን ዕዳ፤
ሐምራዊ ልብስ ለብሶ ከአፈር የሚወጣ፣
ነጭ ሽንኩርት ነው የአባቴ ጣጣ።

አባቴ ኤሌውቴሪዮ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ሽንኩርት ሲጎነጉን የጎበጠ ጣቱ፣
ጠዋት ጠዋት ዳቦ፣ ዘይትና አንድ ፍልቃቂ፣
ይህ ነው ሐኪሙ፣ ይህ ነው ጠባቂ።

በእኛ ቋንቋ ፍልቃቂን «ጥርስ» ነው የምንለው፤
አባቴ አፉ ውስጥ አራት ብቻ አለው፣
ጎተራው ውስጥ ግን ስንት ሺህ፣ ቆጥሮ የማይጨርሰው።

እኔ ኩዌንካ ነኝ፣ ፋርማሲ ቤት ሠራተኛ፤
በአባቴ አፍ ስጠራ ግን «መድኃኒተኛ»፦
«ለሳል ሽንኩርት፣ ለሆድ ሽንኩርት፣ ለደም ብዛት ሽንኩርት፣
ለጆሮ ሕመም ሽንኩርት፣ ለሐዘንም ሽንኩርት፤
ያንቺን ክኒን ሽጪው፣ ሽንኩርት ላጣ ፍጥረት!»

ሳልጨምር ሳልቀንስ ያነበብኩትን እነግረዋለሁ፦
ግፊትን ጥቂት፣ የደም ስብን ጥቂት ያወርዳል፣ ይህን አምናለሁ፤
ማንጋኒዝ አለበት፣ ቫይታሚን ቢ ስድስት፣ ቫይታሚን ሲ፣ ድኝ፤
ግን በሁለት ፍልቃቂ ማን ሊጠግብ? ንገረኝ።
ጆሮህ ውስጥ አትክተት፣ ያቃጥላል ቆዳ፤
ካንሰርንም አይነቅልም፣ እንደ አረም ከሜዳ።

ይህን ስል ዝም አለ።
ምን እንደ ነካሁ ገባኝ ዘግይቶ፤
እናቴ ኦብዱሊያ በሞተች ሌሊት፣ ሽንኩርት ወቅጦ፣ ሾርባ ሠርቶ፣
ማንኪያውን እንደያዘ ነበር የነጋለት፣ ከአልጋዋ አጠገብ ተጎልቶ።

በመስከረም ልቡ ታመመ። ቀዶ ጥገና ታዘዘለት።
ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ እየጻፈች ጠየቀችው፦ «ምን ይበላሉ ጠዋት?»
እሱም በኩራት ነገራት።
«ያቁሙት» አለችው፤ «ደም ያቀጥናል፤ ቢላዋ ሳይነካዎት በፊት
እንዳይቀምሱት፣ ሁለት ሙሉ ሳምንት።»
አባቴ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ድል፣ ፊቱ ላይ ቅጣት፦
«ሰማሽ? መድኃኒት ባይሆን ለምን ይፈሩታል እንደ ጠላት?»

እንዲህ ያለ ጾም አያውቅም ሆዱ፤
ዳቦው አፈር አፈር አለው፤ ኩርፊያ ሆነ ልማዱ።
በአሥረኛው ቀን ሌሊት ከማድ ቤት ኮሽታ ሰማሁ፤
ሊሰርቅ ነው ብዬ በባዶ እግሬ ቀስ ብዬ ወጣሁ።
ሙቀጫው ፊት ቆሟል። ፍልቃቂ ይዟል፣ ልጣጩ ሳይላጥ፣
አፍንጫው ላይ አስጠግቶ፤
ግን ምን ይሸታል፣ ሳይቆረጥ፣ ሳይወቀጥ?

ያን ጊዜ ነገርኩት፣ እንደ ትምህርት ሳይሆን እንደ ተረት፦
«አባዬ፣ ሁለት ጎረቤቶች አሉ ውስጡ፣ ግድግዳ የለያቸው ከጥንት፤
ግድግዳው ሲፈርስ ይገናኛሉ፤
ያኔ ነው ሽታው፣ ያኔ ነው መድኃኒት።
ወዲያው እሳት ካየ ግን ይጠፋል፤ ስለዚህ ተወቅጦ
አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ።»

«ይህንማ እናትሽ ታውቅ ነበር» አለ። «ወቅጣው ትወጣለች፤
ደጃፍ ላይ ቆማ ከፊሎሜና ጋር ታወራለች።
‹ሾርባው ዘገየ!› እያልኩ እጮህባት ነበር።
ያን ሌሊት ግን እኔ ነኝ የሠራሁት።
ቸኮልኩ። ሳይቆይ ዘይቱ ላይ ጣልኩት።»

ቢቆይም፣ አልኩት፣ አያድናትም ነበር።
«አውቃለሁ» አለ። «ግን ይጣፍጣት ነበር።»

ፍልቃቂውን ከእጁ ወሰድኩ፤ በዘነዘናው መታሁት አንዴ፤
ሽታው ተነሣ፣ ቤቱን ዞረ፣ የሷን ወንበር አልፎ እንደ ዘመዴ።
አልቀመስነውም። ጎን ለጎን ተቀመጥን፤
የግድግዳው ሰዓት ቆጠረ፣ እኛም ቆጠርን፤
አሥረኛው ደቂቃ ሲሞላ
አልተነሣን።