ጓርኒሲዮን

ከክፍያው መንገድ ወዲህ፣ ቱሉ ዲምቱ ዳር፣
ጎማ በሚውጠው በዚያ ጥቁር አፈር፣
አንድ ኮንቴይነር አለ፣ በሩ የማይገጥም፤
ጋራዥ ነው ይሉታል፣ እኔም አልቃወምም።

ቶሌራ ማለዳ ሚኒባሱን ነድቶ፣
ከቃሊቲ እስከ እኔ የዘይት ዱካ ትቶ
መጣ።
«ላብ ናት እንጂ» አለኝ፣ «የምን ማፍሰስ አለው?»
ሁሉም እንዲህ ይላል፤ ሞተር ግን አያልበው።

ካርቶን አነጠፍኩኝ፣ ከሥሩ ገባሁኝ፣
ኮፓው በከንፈሩ ሲያለቅስ አየሁኝ።
አሥራ ስምንት ብሎን በአሥር ቁልፍ ፈታሁ፤
አሥራ ሰባቱ እሺ አሉ፣
አንዱን ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ናፍጣ አጠጣሁ፤
ወጣ።

ከዚያ ጓርኒሲዮኑ። ሳይቀደድ ተላቀቀ፣ ደህና ይመስላል፣
ቡሽ ነበረ ዱሮ፤ አሁን ተጠፍጥፎ ሰሌዳ ሆኗል።
ቶሌራ አነሣው፣ ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጠ፣
«ይሄ ምን ሆነና? ሲሊኮን ቀባና መልሰው» አለኝ፣
እየተቅለጠለጠ።

ሶማሌ ተራ ሩቅ ነው፣ ዋጋው ከመንገዱም ይረዝማል፣
ባለ መኪናው ደግሞ ማታ ማታ ሒሳብ ይጠብቃል።
አውቃለሁ።

ግን ስማኝ፣ ቶሌራ፤
ይህ ነገር ሽማግሌ ነው፤ ሁለት ብረት መሀል ቁጭ ብሎ፣
የዚህን ጉድጓድ ሞልቶ፣ የዚያን ጉብታ ችሎ፣
ከላይ ከታች ሲረግጡት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ
ዓመታት ይኖራል፣ ዘይቱ እንዳይፈስ።
የተረገጠበትን ግን አይረሳም።
የትኛው ብሎን የት እንደነከሰው ገላው ላይ ተጽፏል፤
አንዴ ካነሣኸው፣ ሌላ ፊት መልመድ ያቅተዋል።

አንድ ጊዜ እሺ ብዬ ነበር።
ጡብ የጫነ አይሱዙ፣ የቴስታታው ክዳን፤
ሹፌሩ ጉደታ፣ ሚስቱ ምጥ የያዛት።
«ለዛሬ ብቻ» አለኝ። ለዛሬ ብቻ አሮጌውን መለስኩለት።
ዱከም ሳይደርስ ዘይቱ ትኩስ ማርሚታ ላይ ነጠበ፣
ጢሱ ገቢናውን ሞላው።
ልጁ አዲስ ጩኸቱን ሲጮኽ አባቱ መንገድ ዳር ነበር፣
ከነጡቡ።
እስከ ዛሬ ሲያየኝ «እንዴት ነህ» ይላል፤
«ደህና ነህ ወይ» አይጨምርም።

ደግሞም ወርቅአፈራሁ አለ።
ይህን ኮንቴይነር አብረን ነበር የገዛነው።
ኦቦ ጂሩ ሁለት ጊዜ አስታረቁን፣
ሁለቴም መሀላችን ገብተው፣ የእሱን ጉድጓድ፣ የእኔን ጉብታ።
በሦስተኛው «ልጆቼ፣ እኔስ አለቅሁ፣ ተጠፈጠፍኩ» ብለው
ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።
አሁን እሱ ገላን ነው። የራሱ ጋራዥ አለው፣
በሩ የሚገጥም።

ሁሉ ግን ቡሽ አይደለም።
ማፍሰሻው ብሎን ላይ አንዲት የመዳብ ሮንዴላ አለች፤
እሷን አልጥላትም።
በሽቦ አንጠልጥዬ እሳት አስገባኋት፣ እስክትቀላ፤
ውኃ ሲነካት «ችስ» አለች፣ ለሰለሰች ኋላ።
ደንድና የገባችው፣ እንደገና ለመረገጥ ተመችታ ወጣች።

ቶሌራ ሳቀ። «እኔስ ከምኑ ነኝ?»
«አንተማ ሲሊኮን ነህ» አልኩት።

ከጥቅል ቡሽ ላይ ኮፓውን ደፍቼ በእርሳስ ዞርኩት፤
የብሎኑን ቀዳዳ በባዶ ቀለሃ እየመታሁ አወጣሁት።
የብረቱን ፊት በምላጭ ፋቅሁ፣ ጣቴ ምንም እስከማያገኝ።
ከዚያ ከመሀል ወደ ዳር፣ በመስቀል፣ ትንሽ ትንሽ፤
ማነቅ አይደለም ማጥበቅ፤
ይህን ለመማር ብዙ ብሎን በጥሻለሁ።

መኪናው አደረ፣ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ዘርግቼ።
ጠዋት አየሁት፤
የድመት እግር ብቻ፣ አራት፣ የደረቀ ጭቃ።

ቶሌራ ግማሹን ከፈለ፣ ግማሹን ማለ።
መስመሩ በገላን ነው።
«ወርቅአፈራሁን ካየኸው…» አልኩት በመስኮቱ።
«ምን ልበለው?»
ኪሴ ውስጥ አንዲት ሌላ ሮንዴላ ነበረች፣ ያልገባች ከእሳቱ፤
በጣቴ አዞርኳት።
«ምንም። አያፈስም በለው።»