መሳል

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስስል ነው የኖርኩት፤
ቢላ ነው የሳልኩት።
ጧት ሱቄን ሳልከፍት፣ ድንጋዩን በዘይት አርሼ፣
ማታም ሱቄን ዘግቼ፣ ደሙን ከገበታው አብሼ።
ፓይሳንዱ፣ ከወደቡ በላይ፣ ከድሮው ጉምሩክ አጠገብ፣
«አኒባል ሥጋ ቤት» በሉ፤ ቅዳሜ ወረፋው እስከ ዳቦ ቤቱ የሚሳብ።

ነሐሴ ላይ ነው፤ እዚህ ነሐሴ ብርድ ነው፣ ያቆራምዳል።
ሮሚና የምትባል ልጅ፣ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ገዝታ፣
«ይቺን ወረቀት መስታወቱ ላይ ብለጥፋትስ?» አለች። «ይቻላል።»
ከጉበት ዋጋ ጎን ለጥፋት ሄደች፣ በፈገግታ።
እኔ ከውስጥ ነኝ፤ ሦስት ሳምንት ሥጋ እየመዘንኩ ከጀርባ አነበብኩት፤
«ሥዕል። ለጀማሪ። ረቡዕ ማታ።» ፊደል በፊደል ገልብጬ ፈታሁት።

ስለት ተስዬ አይደለም። ሐኪምም አላዘዘኝ።
ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞላኝ፤ ያ ብቻ ነው የያዘኝ።
ሚስቴ ኔሊዳ ሳቀች፤ «አንተ? ሥዕል?» አለች፣
ዓይኗን እንደ መርፌ ቀዳዳ አጥብባ አየች፣
«ሴት ይዞ ነው» ብላ ለእህቷ ደወለች።

ክፍሉ የቀዘፋ ክለቡ አዳራሽ፣ ጣሪያው ላይ ጀልባ የተሰቀለበት፤
ሁለት መበለቶች፣ አንድ ጡረተኛ መርከብ ነጂ፣ ጉንፋን የጸናበት፣
እኔ ደግሞ እርሳሱን በጭብጤ ጨብጬ፣ እንደ ካራ።
«አታርደውም እኮ» አለች ሮሚና፤ «ቀስ በል፤ አትፍራ።»

መጀመሪያ የሰጠችን ዕንቁላል ነው፣ ነጭ ጨርቅ ላይ።
ዕንቁላሉን ስሥል ድንች፤ ድንቹን ሳርም ድንጋይ።
መርከብ ነጂው አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየና፣
«ጥሩ አህያ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳይስቅ፣ በትሕትና።
አፈርኩ፣ አልዋሽም። በሙያዬ ማንም አይንቀኝም፤
ዓይኔን ጨፍኜ ብበልት አንዲት መገጣጠሚያ አልስትም።
እዚያ ግን፣ በዚህ ዕድሜ፣ ላጲስ ላይ ተደፋሁ፤
የእርሳስ ብናኝ እጅጌዬ ላይ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ሱቁም አላረፈ። በሥጋው መጠቅለያ ወረቀት
ወረፋተኛውን ስሞነጫጭር፣ ሰው ቤቱ ሲፈታው የራሱን አፍንጫ አገኘበት።
ኦፌሊያ የምትባል ባልቴት ተመልሳ መጣች፤
«ሥጋው ደህና ነው፤ አገጬን ግን አስረዘምከው» ብላ ተቆጣች።

አንድ ማታ ላም ልሥል ተቀመጥኩ። ላምማ ማን እንደኔ?
ስንት ሺ አልፏል በእጄ፣ ስንቱን ገልጦ አይቷል ዓይኔ!
ሽንጡን፣ ታፋውን፣ ፍሪምባውን፣ ጉበት የሚተኛበትን፣
ልብ በምን እንደሚንጠለጠል፣ ሐሞት የሚሸሸግበትን።
ወረቀቱ ላይ ግን፣ ጆሮዋ የት ነው? ከቀንዷ በላይ? በታች?
ዓይኗስ? ላም ዓይን እንዳላት ረሳሁ። እጄ ቆመች።

እሑድ ጧት በብስክሌት ከከተማ ወጥቼ ብዙ ነዳሁ፤
ከሽቦ አጥር ማዶ ቀይ ላም አገኘሁ፤ ደብተሬን ዘረጋሁ።
እሷም ታየኛለች። ታመነዥካለች፣ ታየኛለች።
ሽፋሽፍት አላት ለካ! ነጭ፣ ረጅም። ዝንብ ሲያርፍ አርገበገበች።

ሰኞ ሱቄን ከፈትኩ። ሥጋ መሸጥ አልተውኩም፤
እንደዚያ ብዬ ባወራ ያምርልኝ ነበር፤ አልዋሽም።
ግን ቢላዬን ስስል፣ የፊተኛውን መሳል ማለቴ ነው፣
እጄ አንዳንዴ ቆም ይላል። አልጠየቅኩትም፤ የራሱ ጉዳይ ነው።

ኔሊዳን የሣልኳት አተር ስትፈለፍል ነው፣ ሬዲዮው ሲያወራ ስለ አየር።
ከአገጯ ሥር ጠባሳ አየሁ፣ የጥፍር ቁራጭ የመሰለ ነጭ መሥመር።
«መቼ ነው ይኼ?» አልኳት። እጇን ሳታቆም፣
«በስድስት ዓመቴ፣ ከፈረስ ወድቄ። ሃያ ሰባት ዓመት አላየኸውም?»
ማታ ለእህቷ ደወለች፤ ሰማሁ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ስታወጋት፤
«ሴትየዋን ደረስኩባት። አገጯ ላይ ጠባሳ አላት። እንዲያው ደህና ናት።»

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ዝናብ። ወንዙ እስከ ክለቡ ደረጃ ደርሷል።
ዕንቁላሉ ጨርቁ ላይ ነው። ከጎኔ መርከብ ነጂው ይስላል፤
ሳል ይዞት ነው እሱስ። እኔ ግን እሥላለሁ፣ ዝም ብዬ፣
ድንቼን ወደ ዕንቁላልነት ትንሽ ትንሽ አባብዬ።