አርባ ላይ አትቆይ

ወፍጮዬ ቆመብኝ፣ ጥርሱ ተሸራርፎ፣
ሐርቡ ላይ ያ ሁሉ ጆንያ ተሰልፎ፤
ጥርሱን ፈትቼ በማዳበሪያ ጠቅልዬ
ኮምቦልቻ ወጣሁ፣ “ዛሬ ይደርሳል” ብዬ።

ጋራዡ ካስፋልት ዳር፣ ቆርቆሮው የነጣ፣
ውስጡ አሮጌ ፍሬዛ፣ በጨረታ የመጣ
ከተዘጋ ፋብሪካ፤ አሁን በስተርጅና
ሦስት ስቴፐር ሞተር አብቅሏል፤ ገጣሚዋ መዲና፣
ከኮሌጅ ዘንድሮ የወጣች፣ ቃል ሳይሆን ብረት ገጣሚ ልጅ።
ጋሽ ይመር ዳር ቆሞ ያያል፣
ሠላሳ ዓመት ይህን ማሽን የዘወረው በሁለት እጅ።

በዝግታ ስታዞረው፣ ሰላም።
በፍጥነት ስታዞረው፣ ሰላም።
መሐል ላይ ነው ጉዱ፦
አንዲት ፍጥነት አለች፣ እሷ ጋ ሲደርስ
ሞተሩ እንደተነካ ቀፎ ጮኸ፣
ጠረጴዛው ራደ፣ ካቻቪቴ ከመደርደሪያ ወደቀ፤
ከዚያ ጭጭ።
ኮምፒውተሩ አልሰማም፤ “ደርሻለሁ” ይላል፣
ሞተሩ ሦስት እርምጃ ከኋላው ቀርቷል።
አሥራ ሰባተኛው ጥርስ ከቦታው ሸሽቶ
ካሥራ ስድስተኛው ሊጋባ ተጠግቶ።
ብረቱም ተጣለ። እኔም አግዳሚው ላይ አደርኩ።

በማግስቱ ቡሎን ሁሉ ጠበቀ፣ ዳዶ ሁሉ ተነካ።
“መብራቱ ነው” አለ አንዱ። “መሠረቱ ነው” አለ ሌላው።
“ዱዓ ይደረግበት” አለ ሻይ አመላላሹ።
መዲና አልመለሰች። አንዱን እርምጃ
አሥር ቦታ ሸንሽና ከፈለችው።
ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤
ጎረቤት እንዳይሰማቸው እንደሚጣሉ ባልና ሚስት
ዝቅ ብሎ አጉረመረመ።

በሦስተኛው ቀን ጥዋት ጋሽ ይመር
መዳፉን ሞተሩ ላይ ጣለ፣
ዓይኑን ጨፈነ፣ “ይሄማ የአሰብ መንገድ ነው!” አለ።

“ልጅ ሳለሁ የኤንትሬ ፊያት ረዳት ነበርኩ።
ከባቲ ቁልቁል፣ አስፋልቱ ያለቀበት ጋ
ጠጠሩ ሞገድ ሞገድ ሠርቶ ይጠብቅሃል።
በሃያ ብትነዳ ትንገጫገጫለህ፣ ግን ትደርሳለህ።
በአርባ ብትነዳ ቡሎን ይፈታል፣ መስታወት ይረግፋል፣
የገዛ ጥርስህን አፍህ ውስጥ ትቆጥራለህ።
ስልሳን ካለፍክ ግን መኪናው
በሞገዱ ጫፍ ጫፍ ይንሳፈፋል፤ የያዝከው ሻይ አይፈስም።
ሾፌሬ አዲስ ነጂ ባየ ቁጥር ይሳደብ ነበር፦
አርባ ላይ ማን እደር አለህ!
ወይ ከታች ኑር፣ ወይ ቶሎ እለፈው!”

መዲና ሣቀች። ከዚያ ሣቋ ቆመ።
ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥር ቀየረች፦
ሲነሣ ረጋ ብሎ፣ ያቺ አርባ ስትቀርብ
እንደ ጎርፍ ወንዝ ሮጦ የሚሻገራት።

“ሮጦ ማለፍ ብቻ አይበቃም” አለች ደግሞ፣
“እዚያው አርባው ላይ የሚሠራ ሥራ አለ።”
ቶርኖው ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት አወጣች፣
በጣሳ ግራሶ ውስጥ ዘፍቃ
ከሞተሩ ጅራት ጋር ገጠመችው።
ቀለበቱ አልተጣበቀም፣ ልል ነው።
ሞተሩ ሲርድ አብሮ አይርድም፤
ይዘገያል፣ ግራሶውን ያሻል፣
ንዴቱን ቀስ እያለ ይበላለታል።
አባጋር አየሁ እዚያ ጣሳ ውስጥ፣
ለማንም ሳያዳላ፣ ከተጣሉት መሐል ተቀምጦ
ቁጣ እስኪደክም የሚጠብቅ።

ከሰዓት በኋላ ሃያ ስምንቱም ጥርስ ወጣ።
አሥራ ሰባተኛውን ሁለት ጊዜ ለካሁት፣
ካሊብሮ ማንበብ ባልችልም።

ስወጣ ጋሽ ይመር በሩ ላይ በጠመኔ ይጽፋል፦
“አርባ ላይ አት—”
እጁ ይርዳል። ፊደሉ ተወላገደ፣ ጠመኔው ተሰበረ።
መዲና ግራሶ በነካው መዳፏ
ክርኑን ከሥር ያዝ አደረገችው፣ ምንም ሳትል።
ጨረሰው።

ወደ ሐርቡ በሚወርደው ሚኒባስ
ጥርሱን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ከሾፌሩ ኋላ፣
አንገቴን አስግጌ አየሁ
ስንት ላይ እንዳለ።