ፉርጎ

ጡረታ የወጣሁ ዓመት፣ በዚያ በግንቦት ሙቀት፣
ከአሮጌው ጣቢያ ጓሮ፣ ከዛገ ፉርጎ ሥር አየሁት በድንገት፤
ጆሮው በመዥገር ያበጠ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ፣
ጭራውን ግን ላለፈ ላገደመው ሲወዘውዝ የነበረ።

«ና» አላልኩትም። እውነቱን ልናገር፤
ውሻ አሳድጌ አላውቅም፣ አልወድምም ነበር።
ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሬን ስፈትሽ፣ ብሎን ሳጠብቅ፣
የሚተነፍስ ነገር እንዴት እንደሚያዝ ከየት ልወቅ?
እሱ ግን ተከተለኝ፣ በሦስት እግሩ እያነከሰ፣
የከዚራን የኒም ጥላ ከዛፍ ዛፍ እየተዋሰ፤
በሬ ላይ ደርሶ ተዘረጋ፣ ትኬት እንደቆረጠ ሰው፣
ፌርማታውን ያወቀ፤ ይሄ ነው መውረጃው።

«ፉርጎ» ያሉት የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ከኋላዬ ሲጎተት ባዩት ቁጥር እየሳቁ፤
አቦ፣ የድሬ ልጆች ስም ሲያወጡ ማንንም አይጠይቁ።

ጎረቤቴ ሙሂባ ባጊያ ጠብሳ ነው የምታድር፤
ድመቶች አሏት፣ ዘጠኝ ይሁኑ አሥር
እሷም አታውቅ፤ ከጣሪያው፣ ከጋኑ፣ ከአልጋው ሥር
መግሪብ ሲል ይጎርፋሉ፣ ዘይቱ ሲንጫጫ፣
ለሁሉም ትቆርሳለች፣ ሳታደርግ ብልጫ።
ፉርጎን ግን በሩቅ፦ «ጋሽ ሞላልኝ፣ ያን ጉድህን ያዝ!
ቀሚሴን ቢልሰኝ፣ ሰባት እጥበት ነው መዘዝ፤
አንዱም በአፈር! ውሃው ራሱ በሦስት ቀን አንዴ መጥቶ!»
እስቃለሁ። ትስቃለች። ፉርጎ ያንኮራፋል፣ ስድቡን ረስቶ።

ብቻ አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ቆርቆሮው ሁሉ ሲንጣጣ፣
ከመስኮት አየሁ፦ ውሃ የሞላ የዘይት ጣሳ
በመጥረጊያ እንጨት እየተገፋ፣ ወደ ጥላው ሲመጣ።
ግራ ቀኝ ገልመጥ አለች፤ ማንም ያላያት መሰላት።
አይቻለሁ አላልኳትም፤ ምስጢሯ ነው፣ ተውኩላት።

ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ባጃጅ ላይ የታሰረ ድምፅ ማጉያ፦
«ውሻ ያላችሁ እሰሩ፣ ዛሬ ማታ…» አለ፤ ሌላ የለውም ማብራሪያ።
እኔ አልሰማሁም፤ ሳቢያን ቀብር ውዬ፣ እዚያው መሽቶብኝ፣
ስመለስ ደጄ ባዶ፤ የጣሳው ውሃ ብቻ ጨረቃ ይዞ ጠበቀኝ።

ባትሪ ይዤ ደቻቱ ወረድኩ፤ ውሃ የሌለው ወንዝ፣ አሸዋ።
የሥጋ ቤቱን ቀዩን አገኘሁት፤ ከጎኑ የወፍጮ ቤቷ አራስ፣ ያቺ ዳልቻዋ።
አፋቸው አረፋ፣ እግራቸው ገና እንደሮጠ።
አንድ፣ ሁለት… ስድስት ቆጠርኩ፤ እጄ ባትሪው ላይ ተንቀጠቀጠ።
«ፉርጎ» ብዬ መጣራት ፈራሁ፤
ዝም ቢለኝስ? ዝምታውን የት እወስደዋለሁ?

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። የሙሂባ በር ክፍት፣ መብራቷ እንደበራ።
ድመቶቹ ቁም ሳጥን ላይ ወጥተው፣ ፀጉራቸው ቆሞ በተራ፤
እሷ መሬት ቁጭ ብላ፣ ሻሿ ከራሷ ወርዶ፣
የፉርጎን አንገት ከአልጋው እግር ጋር አጋምዶ፤
እስከ ክርኗ ወተት፣ ለሃጭ፣ የውሻ ፀጉር።
«ቀምሶ ይሁን አይሁን እንጃ፤ ብቻ ወተቱን በግድ ጋትኩት። የአላህ ፍጡር
ነው» አለች። ከዚያ ተቆጣች፦ «ምን ታየኛለህ ቆመህ?
አዛን ሳይል አፈር አምጣ፣ ውሃውንም ይዘህ!»

ከኒሙ ሥር በእፍኜ ዘገንኩ። በጆግ ውሃ አፈሰስኩላት፤
አንድ በአፈሩ፣ ሁለት፣ ሦስት… እየቆጠርኩላት።
ስድስት ላይ ድምፄ ጠፋ፤ አሸዋው መጣብኝ፤
ቀዩ፣ ያቺ ዳልቻ… ሙሂባ ቀና ብላ አየችኝ፣
ገባት መሰለኝ፣ ምንም አላለችኝ።
ያኔ ፉርጎ አንገቱን አስግጎ፣ ታጥቦ የጠራ እጇን ላሰ።
ሁሉም ዝም። ድመቶቹም። ውሃው ብቻ ፈሰሰ።

«በል» አለች፣ እጇን ሳትሰበስብ፣
«ከአንድ ጀምር።»