ሆዱ

ቱርኪ የሚሉት ወፍ በዚህ አገር ስሙ «ሆዱ» ነው አሉኝ፤ «የማን ሆድ?» ብላቸው
ቢላ እንደጨበጡ ሳቁ የእኛ ሴቶች፣ እንባ እስኪወርዳቸው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ብርድ ቤት
ደረቱን ከአጥንቱ ስለይ፣ ለሻዋርማ ስደረድር በፓኬት፣
ራስ ያለው አንድ እንኳ አላየሁም።
ድምፅ ይኑረው አይኑረው፣ እግዚሃር ያውቃል፤ አልጠየቅሁም።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ኤቪያታር፣ የልጄ ልጅ፣
ስድስት ጫጩት ከሞሻቭ አመጣ፣ በጫማ ካርቶን።
ክርያት መላኺ፣ ምድር ቤት ለሚኖር፣
ጓሮ ማለት አንድ የሎሚ ዛፍ ነው፣ አንድ የተሰበረ ወንበር።

አሁን ልጀምር ካልሽ፣ አገርነሽ፣
ካወቅሁት ይልቅ ካጠፋሁት ተማሪ፤ እሱ ነው የሚበጅሽ።

ጋዜጣ አታንጥፊላቸው፤ ያንሸራትታል፣
እግሩ አንዴ የተንሻፈፈ እንደተንሻፈፈ ይቀራል።
የእንጨት ፍቅፋቂ አድርጊ፣ ደረቅ ያለ።
መብራት ከላይ ስቀይ። ሙቀቱን በእነሱው ለኪው፦
ሥሩ ከተቆለሉ በርዷቸዋል፣
ጥግ ጥጉን ከያዙ ሞቋቸዋል፣
ተበታትነው ከተኙ
አንቺም ሂጂና ተኚ።

ሞኝ ናቸው። ውኃው አጠገባቸው ሳለ በጥም ይሞታሉ።
አፋቸውን አንድ በአንድ ይዤ ነከርሁ፤ ረሱት።
የኤቪያታርን ብይ፣ ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ከሣህኑ ጨመርሁ፤
ሲያብለጨልጭ ሊለቅሙት መጥተው ጠጡ።
ብይ ፈልገው ውኃ አገኙ።
እኔስ? ኢየሩሳሌም ብዬ ወጥቼ
ክርያት መላኺን አገኘሁ።
ጠጣሁ።

ከዶሮ ጋር አታኑሪያቸው። የፍሬሓ ዶሮዎች
በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው አንዱን ገደሉብኝ፣ ሳይነኩት፤
ዶሮ ችላ የምትኖረው ትል ለእሱ የጉበት ሞት ነው።
ፍሬሓ እያለቀሰች ኩስኩስ ይዛ መጣች፣
ልቅሶ እንደሚደረስ። በላሁ። ምን ልበላት?

ደግሞ ሌሊት አለ። ከወይኑ ማሳ ወዲህ ይሻገራል ቀበሮ፤
አንድ ክንድ ሽቦ ቅበሪለት፣ ይንቃልና ያልተቀበረ አጥሮ።
እኔ ግማሽ ክንድ ቀበርሁ። ስለዚህ አራት ቀሩኝ።

ፊቱን ግን አይተሽው ታውቂያለሽ?
ሲቆጣ ይቀላል፣ ሲፈራ ይነጣል፣
ሲኮራ ሰማያዊ ይሆንና ጅራቱን ዘርግቶ ጓሮውን ይጠርጋል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኔ የማውቀው ነጩን ብቻ ነበር።
ዓርብ የሰንበት ጥሩምባ ሲነፋ አብሮ ይጮኻል፤ ጎረቤቱ ይስቃል።
ያኛው ጥሩምባ ሲነፋም፣ ወደ መጠለያ ስንሮጥ፣
ከኋላችን እሱ ብቻውን ይመልስለታል።

በዓሉ ደረሰ። ረቢው ይበላል አለ።
ቄስ ይርጋ ወንበሩን አስጠግቶ ብዙ ጊዜ ተመለከተው፤
«ስሙን ኦሪት አልጠራውም፣ አባቶቻችንም አያውቁት።
አልከለክልሽም፤ ለእኔ ግን ሽሮ ሥሪልኝ» አለና ተነሣ።

ሥጋ ከሆነ አሳብሽ፣ ስም አታውጪ።
እኔስ አላወጣሁም፤ አገሩ ቀደመኝ እንጂ።
ሦስቱን አራጁ ባረከ። የገጣጠለው እጄ ነው፤
መጋጠሚያውን በጨለማም ያገኘዋል፣ ልምዱ ነው።
በላን። ጣፈጠን፤ አልዋሽሽም።
«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች ፍሬሓ፣ እኔ ያስተማርኋት፣
ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባት።

አራተኛው ይኸው ከሎሚው ሥር ቆሟል።
ኪሎው አሥራ አራት አልፏል፤ መኖው ጡረታዬን ይበላል፤
ወንበሩን ወስዶብኛል።
ለምን አቆየሽው ትዪኝ ይሆናል።
ሆድ ይፍጀው።

ማክሰኞ ነይ። ካርቶኑን አልጣልሁትም።
ብዩንም ውሰጂ።