ሃያ አንድ ቀን

አጂፕ ሰፈር ውስጥ ነው ጋራዤ ቆርቆሮ፣
ክረምት ሲገባበት የሚሆን ከበሮ።
በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ካርቡራተር አለ፣
እንደ ሽማግሌ እያሰላሰለ።

ሸረፉ አጎቴ ያወረሰኝ ፊያት
ሚሌቼንቶ ናት፤ ወግ የሚገባት ሴት፤
ኮፋኖዋ ሲከፈት ጉሮሮ የምትጠርግ፣
ባለጌ ቢነዳት ማርሽ የምትነፍግ።

ጓርኒሲዮን ቆረጥኩ ከካርቶን ጥግ ላይ፣
ችንጊያ ለመንኩላት ከባለወፍጮው ሲሳይ፣
ቡሽኗን ሊበን በቶርኖ ቀርጾ ሰጠኝ፤
የውሃ ፖምፓዋ ብቻ፣ እሷ እምቢ አለችኝ።

ሶማሌ ተራ ወረድኩ በጨርቅ ጠቅልዬ፣
«ይችን የምትመስል እህት አላት?» ብዬ።
ሻጩ አገላበጣት፤ ሳቀና መለሰ፦
«የዚች ዘመድ ሁሉ ድስት ሆኖ ጨረሰ።»
ምናለሽ ተራ ሄድኩ፤ «ምንም የለሽ» ሆነ፤
ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ ኪሴ ብቻ በነነ።

ከአጋሮ የመጣ የሚኒባስ ረዳት፣
«አባ ዲኮ ግቢ አለች» አለኝ፣ «አንዲት፤
ያንተዋኑ መሳይ፣ ዶሮ ያደረባት።»

በነጋታው ሄድኩኝ።
                    ከአቮካዶ ዛፍ ሥር
ጎማ የሌላት ፊያት፣ በአራት ድንጋይ እግር።
ኮፋኖዋን ገለጥኩ በፍርሃት፣ ቀስ ብዬ፣
የሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ «ቤቶች!» ብዬ።
እዚያው፣ ከባትሪው ቦታ፣ ገለባ ጎዝጉዛ፣
ተኝታለች ቀይ ዶሮ አሥራ አንድ እንቁላል ይዛ።
ፖምፓዋም ከሥሯ ናት፤ ዝገት አልነካትም፣
የላባ ሙቀት እንጂ ግራሶ አላያትም።

ዋጋ ጠራሁ፣ ጨመርኩ። አባ ዲኮ ዝም።
ደግሜ ጨመርኩኝ። አሁንም ዝም፣ ዝም።
«ገንዘቡ ይቆይ፣ ልጄ» አሉ፣ «አሁን አትንካት፤
ትናንት ነው የታቀፈች፤ ሃያ አንድ ቀን ስጣት።»

ጅማ ተመልሼ ሃያ አንድ ቀን ቆጠርኩ፣
ከጋራዡ ግድግዳ በኖራ እየጫርኩ።
ዝናቡ ይወርዳል፣ አዌቱ ይሞላል፤
ቀኑ ግን እንደ ዶሮ ተቀምጦ ይውላል።
ሰው «መቼ ትነሳለች?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣
«ጫጩት ሲፈለፈል» ስል እብድ አደረገኝ።
ቅያሪ ዕቃ በመርከብ ሲመጣ አይቻለሁ፤
በዶሮ ሲመጣ ግን ገና እጠብቃለሁ።

በሃያ ሁለተኛው ካቻቢቴ ይዤ፣
ከመሸ ደረስኩኝ በዝናብ ደንዝዤ።
ዘጠኙ ተፈልፍሏል፣ ሁለቱ ከሽፏል፤
የአዛውንቱ ጋቢ ጫጩት አቅፏል።
አራት ቡሎን ፈታሁ። ብር ሳወጣ፣ «ተው፤
ስትነሳ አምጣት እዚህ፤ ድምጿን ነው የምሻው።»

ተነሳች።
        ሐሙስ ጧት፣ ከራዲያተሩ ሥር
አንዲት ቀይ ላባ ወጥታ፣ ተንሳፍፋ ስትበር።
ሦስተኛው አይገባም፤ በሁለተኛ ሄድን፣
ባጃጁ፣ አህያው፣ ሁሉም እያለፈን።

አባ ዲኮ በር ላይ ጆሯቸውን አዘንብለው
ሰሙ፣ ሰሙ፣ ሰሙ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።
ከዚያ ከዘራቸው ዞረ ወደ ጓሮ፦
«ይች የኔይቱስ፣ ልጄ፣ ትነሳለች ዘንድሮ?»
«ትነሳለች» አልኩኝ፣ ሙያዬ ነውና።
«እንግዲያው ፖምፓዬን መልስልኛ፣ በል እንካ!» አሉ፤ ብሎን መፍቻ አቀበሉኝና።
ምን ልበል? ፈታሁና መልሼ ሰጠሁ፤
ፊያቴን እዚያው ትቼ በሚኒባስ ገባሁ።

ጎን ለጎን ቆመዋል ከአቮካዶው ጥላ፤
ዶሮዋ የኔይቱን ትዞራለች፣ ሌላ
ጎጆ የመጣላት መስሏት።
                    ዛሬ ጧት ስልክ ጮኸ።
«ሊሙ ገነት አለች» አሉ አባ ዲኮ፣ «ሦስተኛ፤
ፖምፓዋ ደህና ነው፤ ባለቤቱም ቀና።»
«ምን አድሮባት ይሆን?» ብዬ ስጠይቅ፣
«ንብ» አሉኝ። «ማሩ እስኪቆረጥ ጠብቅ።»