መለያ

ሰው ማሊያ ይለዋል፣ እኔ ግን መለያ፤
ሳጥብ ስተኩሰው ሞላኝ ዓመት ሃያ።
ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልዘርፍ የወጣሁ፣
በደብረ ማርቆስ ክለብ ትጥቅ ይዤ የቀረሁ፣
አንማው እባላለሁ።
የበረኛን ላብ ከተከላካይ በጠረን እለያለሁ።

አምና በመስከረም፣ ዝናቡ ሳይለቀን፣
አንድ ለግላጋ ልጅ በሩ ላይ ቆመብን፤
ጫማው በፌስታል ነው፣ ወረቀቱ በጉያ።
"ስም?" አልኩት ፊደሌን እየለቃቀምኩኝ።
"ይበልጣል።" "ያባትህ?" "ዋይስዋ" አለኝ።
ሁለት "ዋ" የሚበላ ስም!
እኔ ያለኝ አንድ ነው፤ ሌላ በሣጥኔ የለም።
ጫማ ከሰቀለው ካምበላችን ከዋለ
አሮጌ መለያ ላይ፣ በምላጭ ፈቅፍቄ
"ዋ"ን አነሣሁለት፣ "ለ"ን ለብቻው ትቼ፤
ለጥፌ ሰጠሁት ሙጫ ቀብቼ።

እናቱ ፈንታነሽ ሰከላ ተወልዳ
ምግብ ቤት ከፈተች ጁባ ድረስ ሄዳ።
አባቱ የጂንጃ ሰው፣ የካሚዮን ሹፌር፣
በኒሙሌ በኩል ስሚንቶ የሚያሻግር፣
ምሳ በላ፤ "ዝርዝር የለኝም" ብሎ ሄደ፤
ሊከፍል ተመለሰ፤ ይበልጣል ተወለደ።
ዋይስዋ በነሱ የመንታ ታላቅ ነው፤
ታናሹ የት ሄደ? ልጁም አላወቀው።
ጁባ ተኩስ ሲነሣ፣ ሰባት ዓመት ሲሆነው፣
እናት እጁን ይዛ ሰከላ ገባች፤ አባት ቀረ ከመኪናው።

የሬዲዮው ሰውዬ ታሪኩን ሲሰማ፣
"ሁለቱ ዓባዮች ባንድ ጥንድ ጫማ!"
ልጁ ግን ጣቶቹን ሙቅ ባልዲዬ ውስጥ ነክሮ፣
"ጋሽ አንማው፣ ወንዝ እንኳ አይደለሁም፤
ጉልበቴን አሞኛል ዘንድሮ።"

ዐሥራ አንድ ጨዋታ ወንበር አሞቀ።
የጮቄ ነፋስ ካልሲውን አልፎ አጥንት ድረስ ዘለቀ።
በቡሬዎች ዕለት፣ ሰማንያኛው ደቂቃ፣
በረዶ ጥሎብን፣ ሜዳው ገሚሱ ነጭ፣ ገሚሱ ጭቃ፣
ገባ። ኳስ ደረሰው። በረኛው ወድቋል።
ባዶ ግብ፣ ሦስት እርምጃ... ወደ ጨሞጋ ሰዷታል።

"ወዳገርህ ሂድልን!" አለ አንዱ ካጥሩ ላይ።
ከጎኑ ጃንጥላ የያዘ ሽማግሌ፣ ከልቡ፣
"የትኛው? ሦስት አሉት፣ አይደል ወይ?"
ሳቁ እኔ ጋ ደርሷል፤ እሱ ጋ እንጃ።
ሌላ ጊዜ የሚወረውረውን መለያ
ያን ቀን አጥፎ፣ እንደ ብድር ዕቃ መለሰልኝ።

ዳንግላ ላይ በግንባር፣ ፍኖተ ሰላም ላይ በግራ ሲያገባ፣
ያው ሰው፣ ያው አጥር ላይ፣ "የኛ ልጅ!" ብሎ አነባ።
ተከላካዮችም ጀርባውን አንብበው ነው መሰል፣
"ዋ!" ይባባላሉ ገና ኳስ ሲቀበል።
የመጀመሪያ ደመወዙ ጂንጃ ደረሰ፤
ያባቱ መንጃ ፈቃድ በሱ ታደሰ።
በጁባ ዓረብኛ በስልክ ሲያወሩ እሰማለሁ፤
የሚገባኝ "ጎል" ብቻ፤ እሱ ሲስቅ እስቃለሁ።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ፖስታ ይዞ መጣ፤
ሁለት አገር ጠርቶታል፣
ሦስተኛው "ጠብቅ" የሚል ደብዳቤ አወጣ።
"የቱን ልልበስ?" አለኝ።
ያ የተውኩት ቅኔ ጉሮሮዬን ያዘኝ፦
መለያ ሰሙ ልብስ፣ ወርቁ መለየት ነው፤
አንዱን ያጠለቅህ ቀን ከሁለት የሚለይህ ነው።
ልነግረው አፌን ስከፍት ካልሲውን ዘረጋልኝ፦
"ሰኞ ልምምድ አለ፤ ይቺን ቀዳዳ ስፋልኝ።"

ሰፋሁለት። አጠብኩ። ገመድ ላይ ሰቀልኩ።
ያቺ የዋለ "ዋ" ባጠብኩ ቁጥር ትላጣለች፤
ዛሬም ነፋሱ ላይ ባንድ ጫፏ ብቻ ተንጠልጥላለች።
ካውያው እየሞቀ ነው።